የበረራ ደኅንነት መሣሪያ ሲፈጠር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ለአውሮፕላን የሚሆን አዲስ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ፣ አንቴና ወይም የደኅንነት ሥርዓት የሚነድፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሳይንሱን ጠንቅቀው ያውቁታል። መሣሪያቸው በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚያደርግም በዝርዝር ማስረዳት ይችላሉ፤ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቁ ግን መልሱ ይጠፋቸዋል። ከዚህ በታች የቀረቡት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚሁ ክፍተት ሲሆን፣ አንዳንዶቹ በትልልቅ አምራቾች እጅ ጭምር የተፈጸሙና የሰው ሕይወት ያስከፈሉ ናቸው።

በአንድ ዳሳሽ መተማመን

ለዚህ ስህተት በቅርብ ዘመን ከታዩት ምሳሌዎች ሁሉ የከፋው በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተገጠመው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ነው። አውሮፕላኑ ክንፉ ከሚገጥመው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ዳሳሾች በግራና በቀኝ ቢኖሩትም፣ ኤምካስ በአንድ በረራ የሚያዳምጠው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነበር። ያ ዳሳሽ የተሳሳተ ልኬት ሲሰጥ ሥርዓቱ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የላየን ኤር በረራ ቁጥር 610፣ በማርች 2019 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ተከሰከሱ፤ በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች ሞቱ። በኋላ በተሻሻለው ንድፍ ሥርዓቱ የሁለቱን ዳሳሾች ልኬት ያነጻጽራል፤ ልኬቶቹ በእጅጉ ከተለያዩም ሥራውን ያቆማል። ሁለተኛው ዳሳሽ ከመጀመሪያውም እዚያው አውሮፕላኑ ላይ የነበረ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል።

ይሁን እንጂ ዳሳሾችን ማብዛት በራሱ መድኃኒት አይሆንም። ከአንድ ሰው አፍ የሰሙ ሦስት ምስክሮች እንደ አንድ እንደሚቆጠሩ ሁሉ፣ በአንድ ምክንያት አብረው ሊበላሹ የሚችሉ ሦስት ዳሳሾችም ሦስት የመተማመኛ ምንጮች ናቸው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2009 አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የወደቀው የኤር ፍራንስ በረራ ቁጥር 447 ተመሳሳይ ዓይነት የሆኑ ሦስት የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎች ነበሩት። የበረዶ ቅንጣቶች ቱቦዎቹን በደፈኗቸው ጊዜ የፍጥነት ንባቦቹ እርስ በርሳቸው ተጣረሱ፤ አውቶፓይለቱም ራሱን አላቅቆ አውሮፕላኑን በሌሊትና በመጥፎ አየር ለአብራሪዎቹ አስረከበ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በምዕራብ አውስትራሊያ አቅራቢያ ይበር የነበረ የቃንታስ ኤርባስ ኤ330 ደግሞ፣ ከሦስቱ የአየር መረጃ አሃዶች አንዱ በቅጽበት ብልጭ የሚሉ የሐሰት ልኬቶችን ስለላከና የኮምፒውተሩ የማጣሪያ ስሌት ያን ዓይነት ስህተት ስላልጠበቀ፣ አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ደፍቶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ለጉዳት ዳርጓል። ስለዚህ ነዳፊው ስንት ዳሳሽ እንዳለው ከመቁጠሩ በፊት፣ ዳሳሾቹን በአንድ ጊዜ ሊያሳስት የሚችለው ነገር ምን እንደሆነና የማነጻጸሪያ ስሌቱ ምን ዓይነት ውሸት ሊያልፈው እንደሚችል በጽሑፍ መመለስ ይኖርበታል።

አንቴናን መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ዕቃ አድርጎ ማየት

በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ የተስፋፋው ስህተት ይህ ነው፤ አንቴና በወረቀት ላይ እጅግ ቀላል ይመስላልና። አብራሪዎች ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ጋር የሚነጋገሩበት የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል። በ125 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 2.4 ሜትር ስለሚሆን የሩብ ሞገድ አንቴና ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህ ስሌት ግን የሚይዘው ከአንቴናው ሥር የአንቴናው ሌላ ግማሽ ሆኖ የሚያገለግል ሰፊ የብረት ወለል እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በአልሙኒየም አውሮፕላን ላይ ወለሉ የአውሮፕላኑ ቆዳ ራሱ ነው። በካርቦን ፋይበር በተሠራ አካል ላይ ግን ቆዳው ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው ከአልሙኒየም በእጅጉ ባነሰ መጠን በመሆኑ፣ ቀጭን የብረት መረብ ሆን ተብሎ መግባት አለበት፤ ይኸው መረብ አውሮፕላኑን መብረቅ ሲመታው የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚያሰራጨውም እሱ ስለሆነ፣ የአንቴና ነዳፊውና የአካል ነዳፊው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው መሥራት ይገባቸዋል።

በቤተ ሙከራ ብቻውን ቆሞ የተለካ አንቴና በአውሮፕላን ላይ ሲሰቀል ሌላ አንቴና ይሆናል። ክንፉ፣ ጅራቱና ሞተሩ ጥላ ያጠሉበታል፤ አውሮፕላኑ ለመዞር ሲያዘነብልም ሆዱ ላይ ያለው አንቴና ለጊዜው በአውሮፕላኑ አካል ሊጋረድ ይችላል። በትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ለራዳር ጥያቄ በራሱ ምላሽ የሚሰጠው መሣሪያ፣ የትራንስፖንደር፣ አንቴናዎች ከላይም ከታችም የሚገጠሙት ለዚህ ነው።

በሚገባ የማይታሰበው ሌላው ጉዳይ በአንድ አውሮፕላን ላይ የተደረደሩ ሬዲዮዎች እርስ በርስ መረበሻቸው ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ስለሚዞሩ፣ በ1575.42 ሜጋኸርዝ የሚልኩት ምልክት አውሮፕላኑ ዘንድ ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። በሌላ በኩል ከዚያው አንቴና ጥቂት ሜትሮች ርቆ የተተከለ የቪኤችኤፍ ሬዲዮ በ131.275 ሜጋኸርዝ ሲያስተላልፍ፣ ከዋናው ምልክት ጋር ሳይፈለግ አብሮ የሚወጣው የድግግሞሹ አሥራ ሁለተኛ ብዜት 1575.3 ሜጋኸርዝ ላይ ያርፋል። አስተላላፊው በሚገባ ያልተጣራ ከሆነ አብራሪው የመናገሪያውን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር የጂፒኤስ ተቀባዩ ሊደነቁር ይችላል። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በአውሮፕላኑ ላይ ያሉትን አስተላላፊዎች ድግግሞሽ ዘርዝሮ ብዜቶቻቸውን ማስላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

በአየር ሁኔታ ራዳር ፊት በሚቀመጠው የአፍንጫ ሽፋን ንድፍ ላይ የቀለሙ ውፍረት ሳይቀር በስሌት ውስጥ ይገባል። የራዳሩ ሞገድ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚረዝም በመሆኑ፣ ለጥገና ተብሎ የተደራረበ ቀለም ወይም ሽፋኑ ውስጥ የሰረገ ውኃ ጨረሩን ሊያደክመው ወይም ሊያጣምመው ይችላል።

የጎረቤት ድግግሞሽ ዛሬ እንዳለ ይቀጥላል ብሎ መገመት

አውሮፕላን ወደ መሬት ሲቃረብ ከፍታውን የሚለካው የሬዲዮ አልቲሜትር ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል። ለብዙ ዓመታት አጠገቡ ያለው ክልል ጸጥተኛ ስለነበር፣ ብዙ ተቀባዮች ከክልላቸው ውጭ የሚመጣን ኃይለኛ ምልክት የሚከለክል ጠንካራ ማጣሪያ ሳይኖራቸው ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 በአሜሪካ ከ3.7 ጊጋኸርዝ ጀምሮ ያለው ክልል ለአምስተኛው ትውልድ የስልክ አገልግሎት ሲከፈት፣ በአየር ማረፊያዎች ዙሪያ የማስተላለፊያ ኃይልን መገደብና የአልቲሜትሮችን ማጣሪያ ማሻሻል ግድ ሆነ። መሣሪያው በአውሮፕላን ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚቆይ ነውና፣ ዛሬ ባዶ የሆነው ጎረቤት ነገም ባዶ ይሆናል ብሎ መንደፍ አይገባም።

ማስጠንቀቂያ በበዛ ቁጥር ደኅንነት ይጨምራል ብሎ ማሰብ

የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያ ታሪክ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። የካናዳ ተወላጁ መሐንዲስ ዶን ቤትማንና ባልደረቦቹ ያዳበሩት የመጀመሪያው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ግዴታ ሆኖ አደጋን በግልጽ ቢቀንስም ሁለት ድክመቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ የሬዲዮ አልቲሜትሩ የሚያየው ቀጥታ ወደ ታች በመሆኑ ከፊት ለፊት በድንገት የሚነሣን ተራራ የሚያውቀው ዘግይቶ ነበር። ሁለተኛ፣ በከንቱ ይጮኽ ስለነበር አንዳንድ አብራሪዎች ቃሉን ከማመን ይልቅ መጠራጠር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊ፣ ኮሎምቢያ አቅራቢያ ከተራራ ጋር በተጋጨው ቦይንግ 757 ላይ ማስጠንቀቂያው የተሰማው ግጭቱ ሊደርስ ወደ 12 ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ነበር። የተሻሻለው ትውልድ የአውሮፕላኑን ቦታ በማኅደሩ ከያዘው የዓለም የመሬት ገጽታ መረጃ ጋር እያስተያየ ከፊት ያለውን ስለሚያይ፣ ማስጠንቀቂያውን ቀደም ብሎ ይሰጣል፤ የሐሰት ጩኸቱም እጅግ ቀንሷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ድምፁ አለመጨመሩ ነው፤ የተሻሻለው የማስጠንቀቂያው እውነትነት ነው።

ድምፁ ራሱም ቢሆን በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2005 በአቴንስ አቅራቢያ በወደቀው የሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ላይ የካቢን አየር ግፊት መቀነሱን የሚያመለክተው ጡሩምባና አውሮፕላኑ ለመነሣት በትክክል አለመዘጋጀቱን የሚያመለክተው ጡሩምባ አንድ ዓይነት ነበሩ። አብራሪዎቹ በአየር ላይ ሆነው የሰሙትን ድምፅ የሁለተኛው ጉዳይ አድርገው ተረዱት፤ ኦክስጅን አጥተው ራሳቸውን ሳቱ፤ 121 ሰዎችም ሞቱ። ነዳፊው ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ ሊያስፈልጉ አይችሉም ብሎ መሆን አለበት፤ ሰሚው ግን ይህን ስሌት አያውቅም።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ስህተት መሣሪያው የሚሰጠው ትእዛዝ ከሰው ትእዛዝ ጋር ቢጋጭ የማን እንደሚጸና አለመወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 በደቡብ ጀርመን በኡበርሊንገን ሰማይ ላይ ቲካስ የተባለው የግጭት መከላከያ ሥርዓት ለቱፖልቭ 154 አብራሪዎች «ወደ ላይ ውጡ» ሲላቸው የምድር ተቆጣጣሪው «ውረዱ» አላቸው። ሌላው አውሮፕላን በቲካሱ ትእዛዝ እየወረደ ነበርና ተጋጩ፤ 71 ሰዎችም ሞቱ። መሣሪያዎቹ የተናገሩት ትክክል ነበር። የጎደለው በሁሉም አገር በአንድ ዓይነት የተጻፈና አብራሪው ሁሉ የተለማመደው የቅድሚያ ደንብ ነበር።

«ትርፍ ዕቃ ብቻ ነው» ማለት

ከበረራው ጋር የማይገናኝ መሣሪያም ሽቦ፣ ሙቀትና ክብደት ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 በካናዳ ባሕር ዳርቻ የወደቀውን የስዊስ ኤር በረራ ቁጥር 111 የመረመሩ ባለሙያዎች፣ ለመንገደኞች መዝናኛ ተብሎ በኋላ በተጨመረ ሥርዓት ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ምልክት አግኝተዋል፤ እሳቱም በቀላሉ በሚቀጣጠል መከለያ ላይ ተስፋፍቷል። የበረራ መቅረጫዎቹም ኃይል በማጣታቸው አውሮፕላኑ ከመውደቁ ስድስት ደቂቃ ያህል ቀደም ብለው ቆመዋል። በመሆኑም አዲስ መሣሪያ የሚያቀርብ ሰው ከየትኛው የኃይል መስመር እንደሚመገብና አብራሪው በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሊያጠፋው መቻሉን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስፈር አለበት።

የብቃት ማረጋገጫን ለመጨረሻ ማቆየት

በሲቪል አቪዬሽን ውስጥ ሶፍትዌር በዲኦ-178ሲ፣ የኤሌክትሮኒክስ አካል በዲኦ-254፣ ሙቀትን፣ ንዝረትን፣ እርጥበትንና መብረቅን የመቋቋም ሙከራ ደግሞ በዲኦ-160 መመዘኛዎች ይመዘናል። ብልሽቱ አውሮፕላኑን የሚያጠፋ ሥርዓት እንዲህ ያለው ብልሽት የሚደርስበት ዕድል ከአንድ ቢሊዮን የበረራ ሰዓት አንዴ በላይ እንዳይሆን ይጠበቃል። ይህ በሙከራ በረራ ቆጥሮ የሚረጋገጥ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ መስፈርት እስከ እያንዳንዱ የኮድ መስመር በሚዘልቅ ማስረጃ እንጂ። ያን ማስረጃ ምርቱ ካለቀ በኋላ ለማሰባሰብ የሚነሣ ቡድን ብዙውን ጊዜ ሥራውን እንደገና ለመጀመር ይገደዳል።

ፓተንትና ፈቃድን ማምታታት

ፓተንት ሌሎች ፈጠራውን እንዳይጠቀሙበት የሚከለክል መብት ሲሆን፣ መሣሪያው ለመብረር ብቁ ስለመሆኑ አንዳች ነገር አይናገርም። በተጨማሪም ማመልከቻ ሳያስገቡ ፈጠራውን በጉባኤ ወይም በኤግዚቢሽን ማሳየት በአውሮፓ አዲስነቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ አሜሪካ በአንጻሩ ለፈጣሪው የአንድ ዓመት ጊዜ ትሰጣለች።

መሣሪያውን እንጂ ሰንሰለቱን አለመፈተን

የበረራ መቅረጫ ማኅደር 3,400 እጥፍ የስበት ኃይል ያህል ግጭትን፣ 1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ እሳትን ለ60 ደቂቃ፣ እንዲሁም የ6,000 ሜትር ባሕር ጥልቀትን እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ከአደጋ በኋላ የድረሱልኝ ምልክት በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት የሚልከው አስተላላፊ ግን በብዙ አደጋዎች ላይ ሳጥኑ ደህና ሆኖ ሳለ ድምፁ ሳይሰማ ቀርቷል፤ ወደ አንቴናው የሚወስደው ገመድ ተቆርጦ ወይም አንቴናው ራሱ ተሰብሮ ይገኛልና። ሳጥኑን ብቻ መትቶ፣ አቃጥሎና አስጥሞ የፈተነ ነዳፊ ገመዱን፣ ማገናኛውንና አንቴናውን በአንድነት አልፈተነም ማለት ነው። የማሌዢያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 370 እ.ኤ.አ. በ2014 ከጠፋ በኋላ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ27,000 ኪሎ ግራም በላይ ለሚመዝኑ አዳዲስ አውሮፕላኖች ያወጣው መስፈርት ይህን ድክመት ከሌላ አቅጣጫ ይዞታል፤ አውሮፕላኑ አደጋ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሲታይ ሥርዓቱ ራሱ ተነሥቶ፣ አንቴናው ገና ቦታው ላይ ሳለ፣ የአውሮፕላኑን መገኛ ቢያንስ በየደቂቃው እንዲልክ ያስገድዳል።