ቺካጎን በ294 ማለፍ፦ መንገዱ እየተሰራ ለሚያልፍ የትራክ ሹፌር

ቺካጎ ሳይገባ ቺካጎን ማለፍ የፈለገ የትራክ ሹፌር ዞሮ ዞሮ አይ-294 ላይ ነው የሚገኘው። በደቡብ ከአይ-80/94 መንገድ ይነሳል፣ ከተማዋን በምዕራብ በኩል ይዞራል፣ ኦሄር ኤርፖርትን አልፎ ወደ ዊስኮንሲን አቅጣጫ ይወጣል። እኔ ከኮሎምበስ ሚልዋኪ ስለምመላለስ ከነአሮጌው ጉድጓዱ፣ ከነአዲሱ ኮንክሪቱ አውቀዋለሁ።

አዲስ ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) ያወጡ ልጆች ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የ294 ማስፋፊያ ስራ ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» ብለው ነው። ፐርሰንቱ ለሹፌር ምንም አይሰራለትም። ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። ዛሬ ትራፊኩ በየትኛው በኩል ነው የሚሄደው? እኔ የምወጣበት ኤክዚት ከየትኛው ሌን ነው የሚገኘው? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መንገዱ የተከፈተው በ1958 ነው። በዚያ ዘመን የተሰራ መንገድ የዛሬውን የትራክ ብዛት መሸከም አቅቶት ነው ስራው የተጀመረው። ትልቁ ቁራጭ ከኦሄር አጠገብ ካለው ባልሞራል ጎዳና እስከ 95ኛ መንገድ ያለው 22 ማይል ነው። ወጪው 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ስራው ከ2018 ጀምሮ። ጥገና እንዳይመስላችሁ። ኮንክሪቱን ከስሩ ነቅለው፣ አሮጌውን ፈጭተው ከስር አንጥፈው፣ አዲስ ያፈሱበታል። ሌን ይጨምራሉ። በመሃል በኩል ያለውን ሾልደር (የመንገዱን ዳር መቆሚያ) ደግሞ ሰፋ አድርገው ይሰሩታል። አደጋ ሲኖር ወይም አውቶቡስ ማሳለፍ ሲፈልጉ ይከፍቱታል፣ «ፍሌክስ ሌን» ነው የሚሉት። ባዶ ስላያችሁት ብቻ እንዳትገቡበት።

እንዴት እንደሚሰሩት ካወቃችሁ የዛሬውን ምልክት ማንበብ ይቀላል። ዘግተው መስራት አይችሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የአንዱን በኩል ዳር ያሰፋሉ። ከዚያ ትራፊኩን ወደዚያ ይገፉታል። የተለቀቀውን በኩል ይቆፍራሉ፣ ይሰራሉ፣ ሲያልቅ ደግሞ ትራፊኩን መልሰው ያዞሩታል። አንዳንዴ ቦታ ሲጠባቸው ከእናንተ አቅጣጫ አንድ ወይም ሁለት ሌን ነጥለው፣ በኮንክሪት ግንብ አጥረው፣ በሌላው አቅጣጫ መንገድ ላይ ያሳልፉታል። ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ወደዚያ ሌን ከገባችሁ በኋላ ግንቡ እስኪያልቅ ድረስ ኤክዚት የለም። ኤክዚታችሁን በግንቡ ማዶ እያያችሁ ታልፉታላችሁ።

እና ህጉ ቀላል ነው። በዚህ በተቆፈረው 22 ማይል ውስጥ የምታወርዱ ወይም የምትጭኑ ከሆነ ሌኑ ከመከፈሉ ሁለት ማይል ቀድማችሁ ቀኝ ያዙ። ሚልዋኪ በቀጥታ የምታልፉ ከሆነ የተነጠለው ሌን እንዲያውም ይሻላል፤ ከራምፕ (ከመግቢያው መንገድ) የሚገባ መኪና አይረብሻችሁም። ግን መጀመሪያ «ትራክ ክልክል ነው» የሚል ምልክት መኖሩን እዩ። የትናንቱ ምልክት ለዛሬ ማስረጃ አይሆንም። በአንድ ሌሊት ቀይረውት ያድራሉ።

ጂፒኤሱ ይህን አያውቅም። የትራክ ጂፒኤስ ቁመትና ክብደት ያውቃል፣ የዛሬ ማታ የመንገድ ስራው በርሜል የት እንደተደረደረ ግን አያውቅም። ከመነሳቴ በፊት መንገዱን የሚያስተዳድረው የኢሊኖይ ቶልዌይ በየቀኑ የሚያወጣውን የስራ ማስታወቂያ አነባለሁ። የትኛው ራምፕ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጽፉታል። ኢንዲያና ውስጥ ነዳጅ ስትሞሉ አምስት ደቂቃ ብትሰጡት በቂ ነው። እየነዳችሁ ስልክ አትንኩ፤ ኢሊኖይ ውስጥ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ክልክል ነው፣ ሲዲኤል ላለው ደግሞ ጣጣው እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ሰዓት። (የምጠራው ሰዓት ሁሉ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ነው፣ ያውም በኢሊኖይ ሰዓት። ኮሎምበስ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ሎጋችሁ (የመንዳት ሰዓት መዝገባችሁ) የቤታችሁን ሰዓት ነው የሚያሳየው፣ የሪሲቨሩ (የጭነቱ ተቀባይ) አፖይንትመንት ግን የቦታውን። ይህን አደባልቆ የደነገጠ ሹፌር ብዙ ነው።)

ስራ የሚመድበው ዲስፓቸር ሁሉ «በሌሊት እለፈው፣ ባዶ ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የትራክ ቶል (የመንገድ ክፍያ) ከምሽቱ 10 እስከ ጠዋቱ 6 ድረስ ከቀኑ ይቀንሳል። አምስትና ከዚያ በላይ አክስል ያለው ትልቁን ስለሚከፍል ልዩነቱ ኪስ ላይ ይታወቃል። ችግሩ ሌን የሚዘጉትም በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው። ቀን ቀን ሁሉንም ሌን ለመክፈት ይሞክራሉ፣ ማታ ሲመሽ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ሌን ብቻ ሊቀር ይችላል። የድልድይ ቢም የሚሰቅሉ ከሆነ ደግሞ ትራፊኩን እስከ 15 ደቂቃ ቀጥ አድርገው ያቆሙታል፣ ለቀቅ ያደርጉታል፣ እንደገና ያቆሙታል። ቶል አተርፋለሁ ብሎ ከሌሊቱ 1 ሰዓት ላይ ገብቶ የነዳጁን እያቃጠለ ቆሞ ያደረ አውቃለሁ።

በእኔ ግምት ምርጡ ከንጋቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ያለው ነው። አብዛኛው ሌን እየተከፈተ ነው፣ ቅናሹ አላለቀም፣ የጠዋቱ ግርግር አልጀመረም። ከዚህ ካለፋችሁ እስከ 9 ሰዓት ጠብቁ። እሁድ ጠዋትም ጥሩ ነው፣ ቅዳሜና እሁድን የሚያካትት መዝጊያ ከሌለ።

ታዲያ ይህ ሰዓት እንዲደርስላችሁ ማደሪያችሁን አስቡበት። ኢንዲያና ጠረፍ ላይ፣ ሌክ ስቴሽንና ጌሪ አካባቢ ካሉት ትራክ ስቶፖች አንዱ ውስጥ በጊዜ ግቡ። ከመሸ ቦታ የለም። 294 ላይ አርፋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ኦሄር ጋ ከመንገዱ በላይ ተዘርግቶ የነበረው ኦሳይስ (ማረፊያ) በ2018 ፈርሷል። የቀሩትም ለትራክ ያላቸው ቦታ ጠባብ ነው።

ስለ ሰዓት ካነሳን ህጉ የሚፈቅደውን የ11 ሰዓት መንዳትና የ14 ሰዓት የስራ ቀን ያለ ትርፍ አታቅዱ። «መንገድ ስራ ስለያዘኝ ሁለት ሰዓት እጨምራለሁ» የሚል ሹፌር አለ። ያ ሁለት ሰዓት የተፈቀደው አስቀድሞ ሊታወቅ ለማይችል ነገር ነው፣ ድንገተኛ በረዶ፣ ድንገተኛ አደጋ። ለዓመታት ሲቆፈር የኖረ መንገድ ድንገተኛ ነው ብላችሁ ኢንስፔክተር አታሳምኑም። እኔ በዚህ ቁራጭ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ትርፍ ይዤ ነው ሎድ የምቀበለው። ሎዱን የሚያገናኘው ብሮከር ካልተስማማ ሌላ ይፈልግ። አንድ ጊዜ አንድ መጋዘን 20 ደቂቃ ዘገየህ ብሎ ማታ እንድመለስ አድርጎኛል። ቀኔን ሙሉ በልቶኝ ለዴቴንሽን (ለቆምኩበት ጊዜ) አንድ ሳንቲም አልከፈለም።

መንገዱ ላይ ከገባችሁ በኋላ ከሁሉ በላይ የምፈራው ዝናብ ያለበትን ሌሊት ነው። ትራፊኩን ባዞሩ ቁጥር የድሮውን ነጭ መስመር በማሽን ይፍቁታል። የተፋቀው ቦታ ኮንክሪቱ ላይ ጭረት ሆኖ ይቀራል። ደረቅ ሲሆን አይታይም። ዝናብ ሲመታውና የፊት መብራት ሲያርፍበት ግን ከአዲሱ መስመር በላይ ያበራል። ዓይናችሁ ሌን ነው ብሎ ይከተለዋል፣ እሱ ደግሞ ቀጥታ ወደ ግንቡ ነው የሚወስዳችሁ። በዚያ ላይ ሌኑ ጠባብ ነው፣ ሾልደር የለም። በግራ ስፖኪዮ ውስጥ ግንቡና የትሬለሩ ጎማ አንድ ላይ ሆነው ነው የሚታዩት። እንዲህ ሲሆን መሬቱን ትቼ በርሜሉን ነው የምከተለው። በርሜሉ ላይ ያለው አንጸባራቂ አይዋሽም። ከፊት ያለውን መኪና መብራት መከተልም አይሆንም፤ እሱም እንደ እናንተ ተደናግሮ ሊሆን ይችላል።

ከጎናችሁ ሌላ ትራክ ካለ አትደረቡ። ወይ ቅደሙት፣ ወይ ወደኋላ ቅሩለት። ትሬለር መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ በጠባብ ሌን ላይ ሁለት 53 ጫማ ጎን ለጎን ሲታጠፉ ክፍተቱ እጅ አያስገባም።

ፍጥነት ላይ ኢሊኖይ ቀልድ አያውቅም። የስራ ቀጠና ውስጥ የፍጥነት ቅጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ 250 ዶላር ነው፣ ለሁለተኛው 750። ሰራተኛ ባይኖርም የተለጠፈው ቁጥር ይሰራል። ለኛ ግን ገንዘቡ ትንሹ ነገር ነው። ከተፈቀደው በ15 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት ሲዲኤል ላይ ከባድ ጥፋት ተብሎ ይመዘገባል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆነ 60 ቀን ከመሪ ያወርዳል። 45 የሚል ምልክት ባለበት ቦታ 60 መንዳት ማለት ይኸው ነው። ብዙ ሰው ደግሞ 60 እየነዳ ቀስ ብያለሁ ብሎ ያስባል። መብራት አብርቶ የቆመ ማንኛውም መኪና ካያችሁ ሌን ቀይሩለት፣ ካልተቻለ ቀስ በሉ። ይህም በግዛቱ ህግ ነው፣ ቅጣቱም ከ250 ይጀምራል።

ሁለት ቦታ ለይቼ ልንገራችሁ። አንዱ ሆጅኪንስና ዊሎ ስፕሪንግስ አጠገብ ያለው ማይል ሎንግ ብሪጅ ነው። 4,800 ጫማ ገደማ ይረዝማል፣ ከስሩ ወንዝ፣ ቦይ፣ የባቡር ሃዲድና የዩፒኤስ ትልቁ ማዕከል አሉ። አሮጌው በእያንዳንዱ አቅጣጫ አራት ሌን ነበረው። አዲሶቹ ሁለቱ ድልድዮች ለአምስት አምስት ሌን የተሰሩ ናቸው፣ ሾልደርም አላቸው። ልዩነቱ ከመሪው ይሰማል። ነገር ግን ከፍታ ስለሆነ ንፋሱ አልተቀየረም። ባዶ ትሬለር ከያዛችሁ ከጎን የሚመታው ያንገዳግዳችኋል። እዚያው ከዩፒኤስ የሚወጡት ድርብ ትሬለሮች ስለሚገቡ ቀኙን ሌን ልቀቁላቸው።

ሁለተኛው አይ-88ና አይ-290 የሚገናኙበት ነው። ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ራምፖቹ ይዘጋሉ፣ ይዞራሉ፣ ይከፈታሉ። እዚያ ኤክዚት ያላችሁ ከሆነ የዕለቱን ማስታወቂያ ሳታነቡ አትግቡ።

ኤክዚት ካመለጣችሁስ? ምንም አይደለም፣ ቀጥሉ። ሾልደር ላይ ቆሞ ማሰብ፣ ወደኋላ መመለስ፣ በርሜል ሰንጥቆ መግባት የሚባል ነገር የለም። ቀጣዩን ኤክዚት ውጡ፣ ግን ወደ ከተማዋ ጎዳና ከመታጠፋችሁ በፊት ትራክ የሚፈቀድበት መሆኑን አረጋግጡ። ቺካጎና አካባቢዋ ዝቅ ባሉ የባቡር ድልድዮች የተሞላ ነው፣ የኛ ትሬለር ደግሞ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። ጂፒኤሱ ሌክ ሾር ድራይቭ ካላችሁ አትስሙት፣ ትራክ አይገባበትም።

ሙሉ በሙሉ መሸሽ ለሚፈልግ አይ-355 አለ፣ ወደ ምዕራብ ዞር ይላል። እሱም ቶል ነው፣ ማይሉም ይጨምራል። ጆሊየትና ቦሊንግብሩክ ለሚያወርድ ግን አልዞረም። በከተማው መሃል በሚያልፉት በዳን ራየንና በኬኔዲ አውራ ጎዳናዎች ልለፍ የሚል አለ። ቶል የለውም፣ ልብ ግን ይጨርሳል። እኔ ከዚያ ይልቅ 294 ላይ መቆም እመርጣለሁ። ከአይ-57 የሚመጣ ሰው ደግሞ እድለኛ ነው፤ ድሮ ሁለቱ መንገዶች ይቋረጡ እንጂ አይገናኙም ነበር። አሁን መገናኛ አላቸው።

ቶሉን በተመለከተ ከ2020 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል የለም። አይፓስ ወይም ኢዚፓስ (ቶሉን ከአካውንት የሚቆርጥ መሳሪያ) ይዛችሁ ግቡ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ይሰራል። ኦሃዮና ኢንዲያና የገዛችሁት እዚህም ያገለግላል። ከሌላችሁ ታርጋችሁ ፎቶ ይነሳል፣ ለመክፈል 14 ቀን አላችሁ፣ ከዚያ ቅጣት ይጨመርበታል። የኩባንያ ትራክ የምትነዱ ከሆነ የክፍያ ጥያቄው ለባለቤቱ ነው የሚሄደው፣ እናንተ የምትሰሙት ከደሞዛችሁ ሲቆረጥ ነው። ትራክ ስትቀይሩ አዲሱን ታርጋ በዚያው ቀን አካውንቱ ውስጥ አስገቡ፣ የሸጣችሁትን አውጡ። በየሳምንቱ መጨረሻ አካውንቱን ከፍታችሁ በየት በየት እንደተቆረጠ ከሎጋችሁ ጋር አስተያዩት። ያላለፋችሁበት ፕላዛ ካያችሁ ወይም ሌሊት አልፋችሁ የቀን ዋጋ ከተቆረጠባችሁ ሎጉን ይዛችሁ ወዲያው ደውሉ።