እየፈሩም ቢሆን ሰው ፊት ቆሞ እንዴት መናገር ይቻላል?

ስምዎ ሲጠራ ልብዎ ይደልቃል። አፍዎ ይደርቃል፣ ጉልበትዎ ይብረከረካል። ይህ የድክመት ምልክት አይደለም። ብዙ ዓይን ሲያርፍብን አእምሯችን አደጋ የመጣ ይመስለውና አድሬናሊን የሚባለው ልብን የሚያስደልቅ ሆርሞን እንዲለቀቅ ያደርጋል። ማህተመ ጋንዲ እንኳ ወጣት ጠበቃ ሳሉ የመጀመሪያ ጉዳያቸውን ይዘው ቦምቤይ ፍርድ ቤት ሲቆሙ የሚጠይቁት ጠፍቷቸው ተቀምጠዋል። ጉዳዩንም ለሌላ ጠበቃ ትተው ወጥተዋል።

ስለዚህ ፍርሃቱን ከሥሩ ለመንቀል አይድከሙ። እየፈሩ መናገርን ይልመዱ።

መጀመሪያ መልእክትዎን ይለዩ። አድማጩ ከንግግርዎ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ? እሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። ከሥሩ ሦስት ደጋፊ ነጥቦችን በትንሽ ወረቀት ላይ በጉልህ ያስፍሩ። ሙሉውን ንግግር በቃል መያዝን ግን አልመክርም። አንዲት ቃል ስትጠፋ የቀረውም አብሮ ይጠፋል። በቃልዎ የሚይዙት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይሁን። ፍርሃቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ልንጀምር ስንልና እንደጀመርን ነው፤ ከዚያ እየረገበ ይሄዳል። ያቺን የመጀመሪያ ደቂቃ የሚያሻግርዎት በደንብ የተለማመዱት መግቢያ ነው።

ቀጥሎ ልምምድ። ወረቀቱን በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። ይቁሙ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይናገሩ፣ በስልክዎ ይቅረጹት። የራስዎ ድምፅ እንግዳ ቢሆንብዎ አይደንግጡ። ስንናገር ድምፃችን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለሚደርሰን ከቅጂው ወፍሮ ነው የምንሰማው።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ ሰው ይጨምሩ። ዛሬ ለአንድ ጓደኛ፣ ሌላ ቀን ለሦስት አራት ሰው ያቅርቡ። ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ አንድ ጥያቄ መጠየቅም ትልቅ ልምምድ ነው። ዋናው ነገር ፍርሃቱ ሲያይል አቋርጦ አለመሄድ ነው። በሸሹ ቁጥር ለጊዜው እፎይ ይላሉ፣ በሚቀጥለው ግን የባሰ ይፈራሉ። ከቆዩ ሰውነትዎ አደጋ እንደሌለ ቀስ በቀስ ይማራል።

በዕለቱ ቀደም ብለው ይድረሱ። የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆመው ይዩት፣ ማይኩን ይሞክሩ፣ ቀድመው ከመጡት ጋር ሰላምታ ይለዋወጡ። ተራዎ ሲቃረብ አየር በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ። ረዘም ያለ አወጣጥ የልብ ምትን ያረግባል። ለራስዎም «ተረጋጋ» ከማለት «ጓጉቻለሁ» ማለት ይሻላል። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባሉ ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከንግግር በፊት ጓጉቻለሁ ያሉት ተረጋግቻለሁ ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ልቡ እየደለቀ ያለን ሰው በአንዴ ማረጋጋት ከባድ ነው፤ ያንኑ ጉልበት ወደ ጉጉት ማዞር ግን ይቀላል።

መድረክ ላይ ሲወጡ ደግሞ አንድ ነገር አይርሱ፦ ፍርሃትዎ እርስዎ የሚሰማዎትን ያህል ለሰው አይታይም። ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ይህን ፈትሸውታል። ይህ እውነት አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር አቅርበዋል። ስለዚህ «ይቅርታ፣ ፈርቻለሁ» ብለው አይጀምሩ። ማንም ያላየውን ለምን ያሳያሉ? ከመናገርዎ በፊት ትንሽ ዝም ይበሉ። አንድ ሰው እያዩ አንድ ሐሳብ ይጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይዙሩ። ሐሳቡ ከጠፋብዎ ቆም ይበሉ፣ ውኃ ይጎንጩ፣ ወረቀቱን ይመልከቱ። ዝምታው ለእርስዎ ዘላለም ይመስላል፤ ለአድማጭ ግን ትንፋሽ መውሰጃ ነው።

ፍርሃቱ ከሥራ ወይም ከትምህርት እስኪያስቀርዎት ከደረሰ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው፣ በንግግር አስተሳሰብንና ባህሪን ለመለወጥ የሚያግዘው ሕክምና ለዚህ ይረዳል። ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒትም አለ፤ ነገር ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱት።