ሁለት ስንዴዎችን በእጅ እንዴት እናዳቅላለን?

የሰብል ማሻሻያ ትምህርት ስጀምር ሥራው ሁሉ ኮምፒውተርና ላቦራቶሪ ይመስለኝ ነበር። ዘረመል፣ ክሮሞሶም፣ ስታቲስቲክስ። አንድ ቀን ወረንጦ ሰጡኝና ስንዴ መሃል በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። አንገቴ እስኪደነዝዝ አቀርቅሬ ዋልኩ። በዚያ ወቅት ካዳቀልኩት አብዛኛው ከሸፈ፤ የመመረቂያ ጥናቴም አንድ ዓመት ሙሉ ተጓተተ። የከሸፈበትን ቦታ ስንደርስበት አሳያችኋለሁ።

በመጀመሪያ ተክሉን እንወቀው። ስንዴ ርክበ ብናኙን ራሱ በራሱ የሚጨርስ ሰብል ነው። በእያንዳንዷ አበባ ውስጥ ብናኝ የያዙ 3 ትናንሽ ከረጢቶች አሉ፤ እነሱ ወንዴዎቹ ናቸው። ከሥራቸው ላባ የመሰለ ጫፍ ያላት ሴቴ ትገኛለች። ሁሉም በአንድ ገለፈት ተሸፍነው ይኖራሉ። አበባዋ ስትከፈት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ውስጥ ለውስጥ አልቋል። ስለዚህ የእኛ ሥራ ሁለት ነው፤ ወንዴዎቹን ቀድሞ ማውጣት፣ ከዚያ ከሌላ ስንዴ ብናኝ ማምጣት። ሲወራ እንዴት ይቀላል!

ወላጆቹን መምረጥና መዝራት

ምን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ አታዳቅሉ። አንዱ ምርታማ ሆኖ በዋግ የሚጠቃ፣ ሌላው ዋግን የሚቋቋም፤ እንዲህ ያለ ግልጽ ምክንያት ይኑራችሁ። በዓይን የሚታይ ልዩነት ቢኖራቸው ደግሞ ወርቅ ነው። ለምሳሌ አንዱ ጢም ያለው፣ ሌላው ጢም አልባ። ጥቅሙን ወደ መጨረሻ ታዩታላችሁ።

የዳቦ ስንዴን ከዳቦ ስንዴ፣ የፓስታውን ስንዴ (ዱረሙን) ከዱረም አዳቅሉ። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶም አለው፣ ዱረም ግን 28። ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚገኘው ልጅ 35 ይይዛል፤ ጥንድ የሌላቸው ክሮሞሶሞች ስለሚበዙበት ዘር የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። የሚደፍሩት አሉ፣ በምክንያት። ጀማሪ ግን ባይነካው ይሻላል።

ወላጆቹን በአንድ ቀን ብቻ አትዝሩ። በ10 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ዝሩ። አንዱ ቀድሞ አብቦ ሲጨርስ ሌላው ገና ካልዘረዘረ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

ዕቃዎቹ

ጫፉ የሾለ ወረንጦ፣ ትንሽ መቀስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የግላሲን ወረቀት ከረጢት፣ አግራፍ፣ መለያ ካርድ፣ እርሳስ፣ በትንሽ ብልቃጥ አልኮል። ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ወረንጦው ላይ አውጡ። ሁለቱ ጫፎቹ በትክክል የማይገጥሙ ወረንጦ ከሌለ ይሻላል፤ የብናኙን ከረጢት በመያዝ ፋንታ ያፈነዳዋል። እስክሪብቶ አትጠቀሙ። ዝናብና ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋዋል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። በርጩማውንም አትርሱ። ቆሞ ጎንበስ ብሎ የሚያዳቅል ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ወንዴዎቹን ማውጣት

ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የወደቅሁት እዚሁ ነው።

የምንፈልገው ከመጨረሻው ቅጠል እቅፍ ገና እየወጣ ያለ ወይም አሁን የወጣ ዛላ ነው። ቁመቱና መልኩ ግን ያታልላል። ከዛላው መሃል አንድ አበባ ክፈቱና ከረጢቶቹን ተመልከቱ። ለምለም አረንጓዴ ከሆኑ ጊዜው ነው። ወደ ቢጫ ካዘነበሉ አልፎበታል፤ ሌላ ዛላ ፈልጉ። ከመሃል የምንከፍተው ያለ ነገር አይደለም። ስንዴ ማበብ የሚጀምረው ከዛላው መሃል አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ጫፉ ላይ ያሉት አረንጓዴ ስለሆኑ ብቻ ተረጋግታችሁ ብትጀምሩ መሃሉ ቀድሟችሁ ሊሆን ይችላል።

እኔ ያደረግሁት ልክ ይህንን ነው። ትልልቆቹና ሙሉ በሙሉ የወጡት ዛላዎች ለእጅ ይመቻሉ። አበቦቻቸው ሰፋ ያሉ ናቸው፣ ወረንጦው ዘው ይላል። ስለዚህ እነሱን እየመረጥኩ፣ ጫፉን ብቻ እያየሁ ሠራሁ። ከረጢቶቹ ጥቂት ቢጫ ቢሆኑም «ግድ የለም፣ አልፈነዱም» አልኩ። የበሰለ ከረጢት ግን በወረንጦ ሲነካ ይፈነዳል። አንዷ ብቻ ብትፈነዳ ብናኙ እዚያው ሴቴዋ ላይ ይራገፋል። በቃ፣ ተክሉ ራሱን ዘርቷል። እናንተ ከዚያ በኋላ የምታመጡት ብናኝ ለጌጥ ነው።

ትክክለኛው ዛላ ከተገኘ በኋላ የታችኞቹን 2 ወይም 3 ዘለላዎች (ዛላው ላይ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ትናንሽ የአበባ ስብስቦች ናቸው) እና የጫፉን ጥቂቶች ቁረጡ። ደካሞች ናቸው፣ ጊዜያቸውም ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። በቀሩት ዘለላዎች ላይ የመሃሎቹን አበቦች በወረንጦ ነቅላችሁ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን ብቻ አስቀሩ። 10 ዘለላ ካስቀራችሁ 20 አበባ አላችሁ ማለት ነው። ይበቃል። ስግብግብነት እዚህ ቦታ የለውም። ብዙ አበባ ያስቀረ ሰው አንዱን ይረሳል፣ የተረሳው አንድ አበባ ሌሎቹን ሁሉ ይበክላል።

አሁን የእያንዳንዱን አበባ ገለፈት ከላይ ሲሶውን ያህል በመቀስ ቁረጡ። ከረጢቶቹን ሳትነኩ፣ ከበላያቸው። ዝቅ ብላችሁ ከቆረጣችሁ ከረጢቱ ለሁለት ይከፈልና ግማሹን ከውስጥ ስትፈልጉ ሴቴዋን ትጎዳላችሁ።

ከዚያ ወረንጦውን ዘግታችሁ በገለፈቱ መሃል አስገቡ። በቀስታ ልቀቁት፣ ራሱ ይከፍትላችኋል። ሦስቱን ከረጢቶች ያዙና ወደ ላይ አንሱ። ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድምፅ አውጥታችሁ ብትቆጥሩም ማንም አይስቅባችሁም። እኔ እስከዛሬ እቆጥራለሁ። ሁለት ብቻ ከወጣ ሦስተኛው ውስጥ አለ። የዛላውን አንድ ጎን ከታች ወደ ላይ ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ዙሩ። እየዘለሉ መሥራት የመርሳት መንገድ ነው።

ከረጢት ከፈነዳባችሁ አበባዋን ሙሉ በሙሉ ንቀሉ። ወረንጦውን አልኮል ውስጥ ነክራችሁ አድርቁት። የፈነዱት ሁለት ሦስት ከሆኑ ዛላውን ጣሉት። ያሳዝናል፣ ግን ጣሉት።

ስትጨርሱ ዛላውን የወረቀት ከረጢቱን አልብሱ፣ በአግራፍ ያዙት፣ ካርዱ ላይ የእናቲቱን ስምና ቀኑን ጻፉ።

ገብስ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ቶሎ በሉ። ብዙዎቹ የገብስ ዓይነቶች ዛላው ከቅጠሉ እቅፍ ሳይወጣ ብናኛቸውን ያፈሳሉ፤ ቅጠሉን ሰንጥቆ መግባት ግድ ነው። ጤፍማ ለብቻው ዓለም ነው። አበባው ከማነሱ የተነሳ ሰዎች በእጅ ማዳቀል አይቻልም ብለው ለረጅም ጊዜ ትተውት ነበር። በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ የሚከፈትበትን ጊዜ ተከታትሎ መንገዱን ከፈተ። ስንዴ ከበዳችሁ ያንን አስቡ።

ብናኝ ማምጣት

ከ2 እስከ 4 ቀን ጠብቁ፣ እንደ ሙቀቱ። ሴቴዋ ስትደርስ ላባዋ ግራና ቀኝ ይዘረጋል፣ ብስል ጥጥ ይመስላል። ገና ተጣብቃ ካያችኋት ተመለሱና ነገ ኑ።

ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ ከአባትየው ማበብ የጀመረ ዛላ ፈልጉ። ከረጢቶቹ ቢጫ ሆነው ያልፈነዱ መሆን አለባቸው። የገለፈቶቹን ጫፍ ቁረጡና ዛላውን ፀሐይ ላይ ትንሽ ያዙት። በደቂቃዎች ውስጥ ከረጢቶቹ ብቅ ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ እናቲቱ የለበሰችውን የወረቀት ከረጢት ጫፍ ቁረጡ፣ የአባቱን ዛላ ገልብጣችሁ አስገቡ፣ በሁለት ጣት እንደ እንዝርት አሽከርክሩት። ብናኙ ይዘንባል። የወረቀት ከረጢቱን መልሳችሁ እጠፉና ዝጉ። ካርዱ ላይ የአባቱን ስም ጨምሩ፤ ሁልጊዜ እናት ትቀድማለች።

ፍጠኑ። የስንዴ ብናኝ ዕድሜው በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ዛላ ቆርጣችሁ ኪስ ውስጥ ከታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ከተመለሳችሁ የሞተ ዱቄት ነው የምትነሰንሱት።

በሩዝ ላይ ወንዴውን በሙቅ ውሃ የሚገድሉ አሉ፤ በስንዴም በኬሚካል የሚያመክኑ አሉ። ለትልቅ ሥራ ይሁን። ለጥቂት ዛላ ግን መለኪያና ቴርሞሜትር ከማሳደድ ወረንጦ ይፈጥናል። አሜሪካዊው የስንዴ አዳቃይ ኖርማን ቦርሎግም ሜክሲኮ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1944 ሥራ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ድቀላዎችን ያሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያስገኙለት ድንክ ስንዴዎች መነሻቸው በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ዘሩ ሲበዛ ተጠራጠሩ

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ዘሩ ይደርሳል። ገለፈቱ ስለተቆረጠ ፍሬው ብዙ ጊዜ ሸብሸብ ያለና አነስተኛ ነው። አትደንግጡ፣ ይበቅላል።

እኔ ያኔ ያጨድኩት ዘር ግን ሙልት ያለ፣ የሚያምር ነበር። ከ20 አበባ 18 እና 19 ፍሬ! ጓደኞቼ 8 እና 10 ሲያገኙ እኔ «እጄ ወርቅ ነው» ብዬ ተኮፈስኩ። አማካሪዬ ዘሩን አገላብጦ አየና ምንም አላለም። ዝም ማለቱ አሁን ነው የገባኝ።

በሚቀጥለው ወቅት ዘራሁት። እናቲቱ ጢም ያላት፣ አባትየው ጢም አልባ ነበሩ። እኔ በያዝኳቸው ወላጆች ጢም አልባነት የሚያይል ባህርይ ስለነበር የመጀመሪያው ትውልድ፣ እኛ ኤፍ 1 የምንለው፣ ጢሙ የለም ማለት በሚቻል መልኩ መውጣት ነበረበት። ሲዘረዝር አብዛኛው እንደ እናቱ ጢሙን አንጨፍርሮ ወጣ። ዲቃላ አልነበረም። እናቲቱ ራሷን ደግማ ወልዳ ነበር።

ስለዚህ ኤፍ 1ን ስትዘሩ ሁለቱንም ወላጆች አጠገቡ ዝሩ። እናቱን የሚመስለውን ንቀሉ። አቅሙ ካላችሁ ከቅጠሉ ትንሽ ቆርጣችሁ በዲኤንኤ ምልክት አስመርምሩ፤ ዓይን የሚሸውድበት ጊዜ አለ። በዓይን የሚታይ ልዩነት ቢኖራቸው ወርቅ ነው ያልኩት ለዚህ ነበር፤ አባትየው ላይ ያለው የሚታይ ባህርይ የበላይ የሆነበትን ጥንድ ምረጡ። ተገላቢጦሹ ምንም አይነግራችሁም።

ኤፍ 1 ተክሎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ዝብርቅርቁ የሚመጣው በልጆቻቸው፣ በኤፍ 2 ነው። ወላጆቹ በ10 ጂን ብቻ ቢለያዩ፣ ጂኖቹም ተለያይተው የሚተላለፉ ቢሆኑ፣ አስሩንም የተፈለጉትን በጥንድ የያዘ ተክል በኤፍ 2 የሚገኘው ከ1,048,576 አንዱ ነው። ስለዚህ በኤፍ 2 ፍጹሙን ተክል አትፈልጉ፤ ደህና ደህናውን ይዛችሁ ቀጥሉ። በየትውልዱ የተቀላቀለው ክፍል (ከእናትና ከአባት የተለያየ ጂን የያዘው) በግማሽ ይቀንሳል፤ በኤፍ 6 ላይ 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የድቀላውን ዘር በሙሉ በአንድ ጊዜ አትዝሩ። ግማሹን በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ፣ ስሙንና ቀኑን በእርሳስ ጽፋችሁ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ማስታወሻ ደብተራችሁም ላይ ፖስታው የት እንዳለ ጻፉ። እኔ አንዴ ፖስታውን አስቀምጬ ያስቀመጥኩበትን አጥቼዋለሁ።