የጅማ ጫካ አፈር ሲደርቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ዙሪያ ስለ ድርቅ ሲወራ ሁሉም የሚያየው ቡናውን ነው። አፈሩ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች የሚያነሳ ጥቂት ነው። ከረገፈ ቅጠል ናይትሮጅን አውጥተው ለቡናውና ለዛፉ የሚያቀርቡት ግን ከፈንገሶች ጋር እነሱ ናቸው።

አፈሩ ከደረቀ ባክቴሪያው ሞቷል ማለት አንዱ ስህተት ነው። ሁሉም አይሞትም። በአፈር ቅንጣት ዙሪያ ያለው የውሃ ሽፋን ሲሳሳ ምግብ አይደርሳቸውምና ብዙዎቹ ሥራ ያቆማሉ። አንዳንዱ ስኳርና አሚኖ አሲድ በውስጡ አጠራቅሞ ውሃውን ይይዛል። አንዳንዱ ስፖር (ድርቅ የሚችል፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ሕዋስ) ሠርቶ ይተኛል። እንደ አክቲኖባክቴሪያ ያሉት ወፍራም ግድግዳ ያላቸው በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ስስ ግድግዳ ያላቸው ቶሎ ይጎዳሉ። ስለዚህ ከብዛቱ ይልቅ የቀረው ማን እንደሆነ ይታይ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሁሉን ያስተካክላል ብሎ መተው። ይህ ከሁሉም የባሰ ይመስለኛል። ከበጋው በኋላ የሚመጣው ዝናብ የቡናውን አበባ ያስፈነዳል፤ ደስ ይላል። ከመሬት በታች ግን ሌላ ነገር እየሆነ ነው። ያጠራቀሙትን እንደያዙ ውሃ በድንገት ሲገባባቸው የሚፈነዱ ባክቴሪያዎች አሉ። የተረፉት የሞቱትን እየበሉ በፍጥነት ይነቃሉ። አፈሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ይለቃል። በርች የተባለ ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚህ ጽፏል፤ ክስተቱም በስሙ ይጠራል። የተክሉ ሥር ገና ሳይነቃ ናይትሬቱ (ተክል የሚወስደው የናይትሮጅን ዓይነት) ከተለቀቀ፣ ከባድ ዝናብ ወደ ታች አጥቦት ይሄዳል። ድርቅና ዝናብ በተፈራረቁ ቁጥር ይህ ይደጋገማል።

ቅጠሉን ጠርጎ ማቃጠል። እባካችሁ ተዉት! የረገፈው ቅጠል አፈሩ በአንዴ እንዳይግል፣ በአንዴም እንዳይርስ ያደርጋል። የሰሳና የዋንዛ ዛፍ ጥላም እንዲሁ ነው። ሰሳን ስንቆርጥ ደግሞ ሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁትን ባክቴሪያዎች ማደሪያ እናሳጣቸዋለን።

ናሙናውን ፀሐይ ላይ ማድረቅ። ተማሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ለአፈር ኬሚስትሪ የለመድነው አሠራር ለባክቴሪያ አይሆንም። አድርቃችሁት ከመረመራችሁ የምትለኩት የራሳችሁን ድርቅ ነው። በበረዶ ሳጥን ይዛችሁ ቶሎ ላብራቶሪ አድርሱት። የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ደረቅ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ዲኤንኤ ብቻ አትቁጠሩ፤ አፈሩ የሚተነፍሰውንም (የሚለቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ለኩ። ናሙናም ከዛፍ ሥርና ከገላጣው፣ ከዝናቡ በፊትና በኋላ ለየብቻ ውሰዱ።