ሪፍ አኳሪየም ወደ ትልቅ ታንክ ስታዛውሩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ለዓመታት ተረጋግቶ የኖረ ሪፍ፣ ማለትም ኮራልና ዓሳ የሚኖሩበት የጨው ውሃ ታንክ፣ በአንድ ቀን ጥድፊያ ሲያልቅ ማየት በጣም ያሳዝናል፣ ደግሞ አብዛኛው ጥፋት ቀድመው ካወቁት የሚቀር ነው።

ከሁሉም የከፋው አሮጌውን አሸዋ እንዳለ መገልበጥ ነው። ከላይ ነጭ ነው ንፁህ ይመስላል፣ ግን በመስታወቱ በኩል ታች ታቹን እዩት፣ ጠቆር ያለ መስመር ካለ እዛ ጋ ኦክስጅን የለም ማለት ነው፣ ስትነኩት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ እሱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ለዓሳ መርዝ ነው። አብሮት የተጠራቀመው የምግብ ትራፊና ኩስ ሁሉ ይነሳና ውሃው ውስጥ አሞኒያው ይወጣል፣ የጨው ውሃ ፒኤች ወደ 8.2 ስለሆነ ደግሞ እዛ ላይ አሞኒያ ጨው ከሌለው ውሃ ይልቅ ይከፋል። ስለዚህ ወይ አዲስ አሸዋ ግዙ ወይ አሮጌውን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡት፣ ግማሽ መንገድ የታጠበ አይሆንም። አሞኒያውን የሚያጠፋው ጠቃሚ ባክቴሪያ ያልቅብኛል ብላችሁ አትስጉ፣ ዋናው ያለው ድንጋዩ ላይ ነው።

ለዛም ነው ላይቭ ሮክ፣ ማለትም ባክቴሪያው የሚኖርበትን የታንኩን ድንጋይ፣ ወለል ላይ ደርድሮ መተው ትልቅ ስህተት የሚሆነው። ባልዲ ውስጥ በራሱ በታንኩ ውሃ ይዘፈቅ፣ ሂተርና ትንሽ ፓምፕ ይግባለት። በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ዞአንቲድ የሚባለው የኮራል ዘመድ ያለበትን ድንጋይ ያለ ጓንትና ያለ መነፅር አትንኩ፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አላቸው፣ እሱ ቀልድ አይደለም።

ዓሳውን መጀመሪያ ለመያዝ መሯሯጥም አለ። ድንጋዩ እያለ አትይዙትም፣ ታስጨንቁታላችሁ እንጂ። ድንጋዩና ኮራሉ ይውጣ፣ ውሃው ዝቅ ይበል፣ ከዛ በቀላሉ ትይዙታላችሁ። ንፁሁን የድሮ ውሃ ግን ምንም ሳትነኩ በፊት ቅዱት።

አዲሱን ውሃ የዛኑ ቀን ማዘጋጀት ሌላው ነው። ጨዉን በአርኦ ዲአይ (በማጣሪያ በጣም በተጣራ) ውሃ ከአንድ ቀን በፊት በጥብጡት፣ ፓምፕ እያንቀሳቀሰው ይደር፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ፣ ሳሊኒቲው (የጨው መጠኑ) በሊትር 35 ግራም አካባቢ ይሁን። አልካሊኒቲውን ሳትለኩ እንዳትገቡ፣ የድሮው ታንክ 7.5 dKH (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ሆኖ አዲሱ ጨው 11 ከሰጣችሁ አክሮፖራ ምናምን የሚባሉ ስስ ኮራሎች ያላችሁ ሰዎች ትጎዳላችሁ።

ድንጋይ መስታወቱ ላይ ይቀመጥ፣ አሸዋው ከዛ በኋላ ይፍሰስ፣ አለበለዚያ ቆፋሪ ጎቢ ዓሳ ወይም ሽሪምፕ ስሩን ይቦረቡርና ይናዳል።

አዲስ ላይት ገዝቶ በሙሉ ሃይል መክፈትም ኮራሉን ያነጣዋል። ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ቦታ ተገኘ ብሎ ቶሎ አዲስ ዓሳ መጨመር ደግሞ አለ፣ እባካችሁ ቆዩ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ አሞኒያ ለኩ፣ ምግብ ቀንሱ፣ ለውሃ መቀየሪያ የሚሆን የተበጠበጠ የጨው ውሃም ከጎን ዝግጁ ይሁን።