የሞዴል ፒክአፕ ጎማና አክስል ስፋት እንዴት ይስተካከላል?

ሞዴል መኪና ላይ ከቀለሙ በፊት ዓይን የሚይዘው የጎማው አቀማመጥ ነው። ጎማው ከፓራፋንጎው ትንሽ ወጣ ካለ ሃይሉክሱ መጫወቻ ይመስላል። እዚህ የምጽፈው ከእውነተኛው መኪና 24 ጊዜ ስለሚያንሰው፣ 1፡24 ስለሚባለው መጠን ነው።

መጀመሪያ የእውነተኛውን መኪና ጎማ ቁጥር አንብቡ። 265/65 አር 17 ካለ፣ ስፋቱ 265 ሚሊሜትር ነው። የጎማው ጎን ደግሞ የስፋቱን 65 ከመቶ ያህላል፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ ሁለቴ ተይዞ ከቸርኬው ጋር ሲደመር የጎማው ሙሉ ቁመት 776 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ለ24 አካፍሉት፦ ቁመት 32.3፣ ስፋት 11 ሚሊሜትር።

አሁን እኔን ብዙ ያለፋኝ ነገር፦ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት። ይህ የሚቆጠረው ከአንዱ ጎማ መሃል እስከ ሌላው መሃል ነው። የመጀመሪያዬን ስሠራ ግን ሜትሩን ከውጪ ጠርዝ እስከ ውጪ ጠርዝ ዘረጋሁ። አንድ ሙሉ የጎማ ስፋት ጨመርኩ ማለት ነው፤ ሞዴሉ ላይ በየጎኑ 5.5 ሚሊሜትር። ጎማው አልገባ ሲለኝ ፓራፋንጎውን ሞረድኩት። የሁለት ወር ልፋት በአንድ ማታ ገደል ገባ። ጎማ አልገባ ካለ ቦዲውን አትንኩ፣ ልኬታችሁን ድገሙ።

እኔ አሁን የምለካው እንዲህ ነው። ለገሃር አካባቢ የቆመ ፒክአፕ አገኘሁና ሹፌሩን አስፈቀድኩ። መሪው ቀጥ ይበል። የግራው ጎማ ግራ ጠርዝ አስፋልቱን የሚነካበት ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የቀኙን ጎማም ግራ ጠርዝ አሰመርኩ። ሹፌሩ መኪናውን ወደፊት ሲያስጠጋልኝ ሁለቱ መስመሮች መሬት ላይ ቀሩ። በመካከላቸው 1540 ሚሊሜትር ነበር። ከግራ ጠርዝ እስከ ግራ ጠርዝ ስለሆነ ከመሃል እስከ መሃል ካለው እኩል ነው። ሞዴሉ ላይ 64.2 ይሆናል። የኋላውንም ለብቻው ለኩ፤ ሁልጊዜ ከፊቱ ጋር እኩል አይደለም።

ይህ ቁጥር ግን የአክስሉ፣ ማለትም የግራና የቀኙን ጎማ የሚያገናኘው ዘንግ ርዝመት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። አክስሉ የሚያርፈው የቸርኬው መሃል ላይ ላይሆን ይችላል። የሞዴሉን ጎማ ጠረጴዛ ላይ አስተኙና ማረፊያው ከውስጥ ጠርዝ ስንት እንደሚገባ ለኩ። 3 ሚሊሜትር ከሆነ፣ መሃሉ 5.5 ላይ ስለሆነ በየጎኑ 2.5 ቀንሱ። በማረፊያዎቹ መካከል 59.2 ይቀራል።

ለዚህ ማስመሪያ አይበቃም፣ ካሊፐር (ዕቃውን በሁለት መንጋጋ ይዞ በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ግዙ። ሞዴሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት እውነተኛው መኪና ላይ 12 ሚሊሜትር ነው። ለአክስል 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብስክሌት ጎማ ሽቦ ይሆናል፤ ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡና በሞረድ አሳጥሩ። ያጠረ አክስል አይመለስም።

ሙጫ ከመቀባታችሁ በፊት ጎማዎቹን ሰክታችሁ ከኋላ በዓይናችሁ ትይዩ እዩት። በግራና በቀኝ በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል ያለው ክፍተት እኩል ከሆነ ሙጫውን ቀቡ።