በጀት ሲጠብ በወሎ ወረዳዎች የትምህርት ገንዘብ አያያዝ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜንም ሆነ በደቡብ ወሎ አንድ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሐምሌ 1 ቀን አዲሱን የበጀት ዓመት ሲጀምር በስሙ የተመደበው ገንዘብ አብዛኛው አስቀድሞ ባለቤት አለው። ከክልሉ በጥቅል ድጎማ መጥቶ የወረዳው ምክር ቤት ካጸደቀው መደበኛ በጀት ውስጥ እጅግ የሚበዛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል፤ ለጠመኔ፣ ለፈተና ወረቀት፣ ለጥገናና ለሱፐርቫይዘር ጉዞ የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ የሚባለው ቁራጭ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተዘረፉና የፈረሱ ትምህርት ቤቶች ባሉበት አካባቢ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህም የብር የመግዛት አቅም በቀነሰበት ጊዜ፣ ይህ ቁራጭ የሚገዛው ነገር ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዷል። ጥበቱን ወረዳው ሊያስቀረው አይችልም፤ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ግን በወረዳውና በትምህርት ቤቱ እጅ ያሉ ናቸው።

በጣም የተለመደው ከሁሉም የሒሳብ መደብ፣ ማለትም የራሱ መለያ ቁጥር ካለው ከእያንዳንዱ የወጪ ዓይነት፣ እኩል መቀነስ ነው። የበጀት ጣሪያው ዝቅ ብሎ ሲመጣ ኃላፊውና የዕቅድ ባለሙያው ተቀምጠው ከእያንዳንዱ መደብ ለምሳሌ ሃያ በመቶ ይቀንሳሉ፤ ማንም ተለይቶ ስለማይጎዳ ቅሬታ አይነሳም፣ ስብሰባውም ቶሎ ያልቃል። ይሁን እንጂ መደቦቹ በክብደት አይተካከሉም። ከ6231፣ ማለትም ከውሎ አበል ላይ ሃያ በመቶ ሲቀነስ አንድ ሁለት ስብሰባ ይቀራል፤ ከ6215፣ ከትምህርት መሣሪያዎች ላይ ያንኑ ያህል ሲቀነስ ግን የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየተጻፈ ሊሰጥ ይችላል። በትምህርት ቤቶች መካከልም እኩል ማካፈል ፍትሕ አይሆንም፤ በደሴና በወልድያ አውራ ጎዳና ዳር፣ ሐይቅ ወይም መርሳ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት ዕቃ ማድረስ ቀላል ሲሆን፣ በደላንታ ወይም በለጋምቦ ከገደል ማዶ ላለው ዕቃው በአጋሰስ ተጭኖ የሚደርስበት ጊዜ አለ፣ የጭነቱም ኪራይ የሚወጣው ከዚያው ከሥራ ማስኬጃ ነው። ስለዚህ ወደ ቅነሳው ከመገባቱ በፊት የማይነኩትን በጽሑፍ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። እኔ ብጠየቅ ጠመኔንና የፈተና ወረቀትን፣ ከክረምት በፊት የሚደረገውን የጣሪያ ጥገና፣ እንዲሁም የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩን (በአንድ ላይ የተቧደኑ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚከታተለውን ባለሙያ) ነዳጅ አስቀድማለሁ። የመጨረሻውን ብዙዎች እንደ ቅንጦት ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን ሱፐርቫይዘር በማይደርስበት ትምህርት ቤት የተላከው ገንዘብ በምን ላይ እንደዋለ ለጽሕፈት ቤቱ የሚነግረው ማን ነው?

ደመወዝን አሳስቶ ማስላት ከዚህ የባሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ምክንያቱም ደመወዝ ሲጎድል የሚሸፈነው በበጀት ዝውውር ከሥራ ማስኬጃው ተወስዶ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው የአንድን ወር ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) በአሥራ ሁለት አባዝቶ የዓመቱ ፍላጎት ነው ብሎ ከማቅረብ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ መንግሥት በአሠሪነቱ የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይረሳል፤ ከመምህሩ የሚቆረጠው 7 በመቶ በፔሮሉ ላይ ስለሚታይ ብቻ ሁሉም የተካተተ ይመስላል። በዓመቱ መካከል በሥራ ዕድገት መሰላል ደረጃቸው የሚያድግ መምህራን፣ ከሌላ ወረዳ ተዛውረው የሚመጡ፣ ከትምህርት የሚመለሱም አይታሰቡም። የደረጃ ዕድገቱ በወቅቱ ሳይከፈል ሲቀር ውዝፍ ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ ያርፋል፤ የሚቀጥለው ዓመትም የራሱ ጉድለት ይዞ ስለሚመጣ ውዝፉ እየተደራረበ መምህሩ በጽሕፈት ቤቱ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል። በተቃራኒው ደግሞ የለቀቀ ወይም የተዛወረ መምህር ስም ከፔሮል ሳይወጣ መቆየቱ አለ። መፍትሔው አድካሚ ቢሆንም ቀላል ነው፦ የበጀት ጥሪ (የዓመቱን የበጀት ፍላጎት አቅርቡ የሚለው ደብዳቤ) ከመምጣቱ በፊት መምህራንን በስም ዘርዝሮ፣ የእያንዳንዳቸው ደረጃ በየትኛው ወር እንደሚለወጥ አስፍሮ፣ ዝርዝሩን ከየርዕሰ መምህራኑ ጋር ማመሳከር። ይህ ሥራ ለሒሳብ ሠራተኛው ብቻ የሚተው አይደለም፣ የሰው ኃይል ባለሙያው አብሮ መቀመጥ አለበት።

ሌላው የሰኔ ግዥ ነው። ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት ሰኔ 30 ላይ ወደ ግምጃ ቤት ስለሚመለስ፣ «ለክፉ ቀን» ተብሎ ለወራት ተይዞ የቆየው ገንዘብ በአራት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ፕሮፎርማ (የነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ) በጥድፊያ ይሰበሰባል፤ ነጋዴውም ገዢው ቀን እንዳጠረበት ያውቃል። የተገዛው ዕቃ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ስለሚመጣና የገጠሩ መንገድ በክረምት ጭቃ ስለሚዘጋ፣ እስከ መስከረም በወረዳው መጋዘን ለእርጥበትና ለአይጥ ይጋለጣል። የዋጋ ንረት ባለበት ዘመን ደግሞ ማዘግየት በራሱ ኪሳራ ነው፤ በጥቅምት አሥር ደስጣ የሚገዛ ገንዘብ በሰኔ ያንኑ ላይገዛ ይችላል። ጥፋቱ ሁሉ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጥሬ ገንዘቡ ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በየጊዜው ተሸንሽኖ የሚለቀቅ ስለሆነ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ቢሆንም የግዥ ዕቅዱ በሐምሌ ተዘጋጅቶ የቀረበለት የገንዘብ ጽሕፈት ቤትና በግንቦት ድንገት የተጠየቀው እኩል አይተባበሩም። የትምህርት ቤቶችን ፍላጎት አንድ ላይ አጠቃልሎ እስከ ኅዳር ድረስ መግዛት ዋጋውንም ይቀንሳል፣ የማድረሻውንም ጊዜ ከበጋው ጋር ያስማማል።

የኅብረተሰብ መዋጮን ያለ ወቅቱ መጠየቅ በወሎ ተለይቶ የሚታይ ስህተት ነው። ከትምህርት ምዝገባ ጋር ለማያያዝ ሲባል መዋጮው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይጠየቃል፤ ይህ ወቅት መኸር አምራች በሆኑት ቀበሌዎች ጎተራ የተራቆተበት፣ አርሶ አደሩም የማዳበሪያ ወጪውን ገና ያልተወጣበት ነው። በራያ ቆቦና በቃሉ ቆላማ ቀበሌዎች ማሽላውና ጤፉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ቢጠየቅ የሚሰጠው ሰው ይበዛል። በለጋምቦና በደላንታ ደጋማ ቀበሌዎች ግን ኑሮው በበልግ ላይ ስለሚንጠለጠል የሚሻለው ወር ሌላ ነው፤ በልጉ በቀረበት ዓመትም መዋጮውን ጨርሶ ከዕቅድ ማውጣት ያስፈልጋል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ደጋና ቆላ ተቀላቅሎ ባለበት ለሁሉም ቀበሌ አንድ ቀን ቆርጦ ደብዳቤ መበተን የቢሮ ምቾት እንጂ ዕቅድ አይባልም። ከሁሉ በላይ መዋጮ በፈቃድ የሚሰጥ መሆኑ አይዘንጋ። ያልከፈለ ወላጅን ልጅ አለመመዝገብ ወይም ሰርተፊኬቱን መያዝ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ድሃውን ከትምህርት ገበታ ያስቀራል፣ በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰላውን የትምህርት ቤት ድጎማም መልሶ ይቀንሳል።

ከዚሁ ጋር የሚነሳው የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ነው። በደጋው ብዙ ትምህርት ቤቶች ባሕር ዛፍና የሚታጨድ ሣር አላቸው። ገንዘብ ሲቸግር ዛፉን በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ጨረታ፣ ለቀረበው የመጀመሪያ ነጋዴ በቁሙ መሸጥ ይዘወተራል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ በየዓመቱ አንዱ ቢሸጥ የማያቋርጥ ገቢ ይሆናል። ሽያጩም ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ባለበት በግልጽ ጨረታ ሲካሄድ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ርዕሰ መምህሩም ከሐሜት ይድናል።

ቃል የተገባን እርዳታ እንደ ገቢ መቁጠርም አለ። ድርጅቱ የስምምነት ሰነድ እስኪፈርምና ገንዘቡ ወይም ዕቃው እስኪደርስ ድረስ የጥገና በጀትን መሰረዝ አይገባም። በዓይነት የመጣ ዴስክና መጽሐፍም ቢሆን በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ካልተደረገ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያለውን ዕቃ እንደገና ለመግዛት መጠየቅ ይመጣል።

በመጨረሻ የሚጠቀሰው ጉድለትን ደብቆ ማቆየት ነው። የስድስት ወሩ አፈጻጸም በጥር ሲገመገም የበጀቱ አጠቃቀም በመቶኛ ብቻ ስለሚቀርብ፣ ደመወዙ በትክክል እየወጣ ሥራ ማስኬጃው የተሟጠጠበት ወረዳ «ሃምሳ በመቶ» ብሎ ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ሪፖርቱ ደመወዝንና ሥራ ማስኬጃን ለየብቻ፣ ትምህርት ቤቶችንም በስም ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል። ለወረዳው ምክር ቤት የሚቀርብ የዝውውር ወይም የተጨማሪ በጀት ጥያቄ በየካቲት ከደረሰ ከሌሎች ጽሕፈት ቤቶች የተረፈውን ለማየት ጊዜ አለ፤ በግንቦት የሚቀርበው ግን የሚደርሰው ሁሉም የተረፈውን ለሰኔ ግዥ ካዋለው በኋላ ነው።